ማስክ

ማስክ፦ በፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር የምስሉ የትኛው ክፍል እንደሚታይ፣ የትኛው እንደሚደበቅ የሚወስን ሽፋን። ነጩ ያሳያል፤ ጥቁሩ ይደብቃል፤ ግራጫው እንደ ድምቀቱ በከፊል ያሳያል። በ8 ቢት ማስክ ከ0 እስከ 255 ድረስ 256 ደረጃዎች አሉ።

ብዙ ሰው ከመቁረጥ ጋር ያምታታዋል። የተቆረጠ ሄደ፤ የተሸፈነው ግን ከሥር አለ፤ ማስኩ በነጭ ብሩሽ ሲቀባ ይመለሳል።

ሥራው የሚከብደው ጠርዝ ላይ ነው። አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ወንድ ጭላዳ ፎቶን ለምሳሌ እንውሰድ፤ ጭላዳውን ከጀርባው ሰማይ ለይተን ሌላ ጀርባ ላይ ልናስቀምጠው ነው። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ በቀላሉ ይመረጣል፤ ነፋስ የሚበትነው ጎፈሩ ግን አስቸጋሪ ነው። ጠርዙ ስል ሲሆን በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። «ፌዘር» የተባለው ማስተካከያ ያለሰልሰዋል፤ ሲበዛ ግን የቀድሞው ሰማይ በጎፈሩ ዙሪያ እንደ ጭጋግ ይቀራል። ያን ጊዜ «ሺፍት ኤጅ» የተባለው ማስተካከያ ጠርዙን ወደ ውስጥ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2016 ፎቶሾፕ ላይ የተጨመረው «ሰሌክት ኤንድ ማስክ» እነዚህን የፀጉር ጠርዝን ከሚያጠራ ብሩሽ ጋር በአንድ መስኮት ይዟል።

ለመላው ምስል አንድ የልስላሴ ልክ አይበቃም፤ ጎፈሩ ላላ፣ እግሩ ጠበቅ ይበል። ሥራው ሲያልቅ በነጭም በጥቁርም ጀርባ ላይ አስቀምጦ ማየት ነው፤ አንዱ የሸሸገውን ጉድለት ሌላው ያወጣዋል።