ከአቡጀዲ ሸራ እስከ ማተሚያ ቤት፦ የተከታታይ ሥዕል ሠሪ የሥራ ሳምንት

ሥዕልን በቅደም ተከተል ደርድሮ ታሪክ መንገር ለኢትዮጵያ እንግዳ ጥበብ አይደለም። ዛሬ «ኮሚክ» በሚል የባሕር ማዶ ስም የሚጠራው ሙያ፣ ማለትም አንድን ድርጊት በክፍል በክፍል ከፍሎ ከጥቂት ጽሑፍ ጋር ማቅረብ፣ በብራናና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከቆየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በሥዕል በተጌጡ የተአምረ ማርያም መጻሕፍት ውስጥ አንድ ተአምር በተከታታይ ሥዕሎች ይተረካል። በላዔ ሰብእ ሲበላ፣ ለተጠማው ድኩም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ፣ በመጨረሻም ሥራው በሚዛን ሲመዘን አንዱ ሥዕል ለሌላው እየተቀባበለ ያሳያል። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ታሪኩን የሚያነበው በዚህ ዐይነት ነበር።

ይህ ጥበብ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ገበያ የገባው በአዲስ አበባ ነው። ከዐድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ ሌጋሲዮኖች በከተማይቱ ሲከፈቱ፣ ነጋዴውና መንገደኛውም ሲበዛ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠለጠኑ ሰዎች ለአዲሱ ገዢ በሸራ ላይ መሣል ጀመሩ። ከእነርሱ መካከል በላቸው ይመር በስሙ ከታወቁት ጥቂቶች አንዱ ነው። በአራዳና በፒያሳ ሱቆች ከተሸጡት ሥዕሎች ሁሉ ይበልጥ የታወቀው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው። ብዙውን ጊዜ አርባ አራት ክፍሎች ሲኖሩት፣ እነዚህም በአራት ረድፍ ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ ሆነው ይደረደራሉ። ንባቡ እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። በየክፍሉም አጭር የአማርኛ መግለጫ አለ።

የዚህን ሥራ ብልሃት ለመረዳት የእራቱን ክፍል መመልከት ይበቃል። በአንዱ ሥዕል ንግሥቲቱ ቅመም የበዛበትን ምግብ ትበላለች። በሚቀጥለው ሌሊት ተነሥታ ውሃ ትጠጣለች። ወዲያው ሰሎሞን መሐላዋን አፍርሳለች ብሎ እጇን ይይዛል። ጥማቱ ራሱ አልተሣለም፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ተመልካቹ ነው። የተከታታይ ሥዕል ጥበብ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። ሠዓሊው የሚመርጠው ምን እንደሚሥል ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚተውም ጭምር ነው።

አሠራሩም ሥርዓት ነበረው። ሸራው ተወጥሮ መደብ ይቀባል፤ ክፍሎቹ ይሰመራሉ፤ ንድፉ ይወጣል፤ ቀለም ይሞላል፤ በመጨረሻም የጥቁሩ መስመርና የዐይን ሥራ ይከተላል። በቤተ ክርስቲያን ሥራ መምህሩ ሲነድፍ ደቀ መዝሙሩ ቀለም ይሞላ ነበር። ደጉ ሰው ፊቱን ሙሉ ሆኖ ሁለት ዐይኑ ሲታይ፣ ክፉው በጎኑ አንድ ዐይኑን ብቻ ያሳያል። ይህ ልማድ ሠዓሊውን ከብዙ ማብራሪያ ያድነዋል። ሆኖም ሥራውን የሚያስቸኩለው ገዢ እንጂ ቀን አልነበረም። ሸራው ሲያልቅ አለቀ።

ሳምንትን ወደ ሠዓሊው ጠረጴዛ ያመጣው ማተሚያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1929 በብራስልስ የአንድ ጋዜጣ የልጆች ዕትም የሆነው «ለ ፔቲ ቨንቲዬም» የኤርዤን «ቲንቲን» ማውጣት ጀመረ። ዕትሙ በየሐሙሱ ይወጣ ስለነበር ሠዓሊው በየሳምንቱ ሁለት ገጽ ማስረከብ ነበረበት። እንዲህ ያለ ሥራ የሚታቀደው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ጋዜጣው የሚወጣበት ቀን ይያዛል፤ ከዚያ የኅትመቱ፣ ከዚያ የክሊሼው፣ ከዚያ የቀለሙ፣ ከዚያ የእርሳስ ንድፉ፣ በመጨረሻም የሐሳቡ ቀን ወደ ኋላ ይቆጠራል። የግንባታ ሥራ መርሐ ግብር ያወጣ ሁሉ ይህን ስሌት ያውቀዋል። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ የባከነች አንዲት ቀን ከመጨረሻው ደረጃ ላይ ትቀነሳለች።

ኤርዤ ንድፉን በእርሳስ ደጋግሞ ይሥል ነበር። ከብዙ መስመሮች መካከል ትክክለኛውን መርጦ ወደ ሌላ ወረቀት ካሻገረ በኋላ በቀለም ያጸናዋል። ሥራው ሲበዛ ረዳቶች ቀጠረ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ደግሞ የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመ። በጃፓንም ሁለት ሳምንታዊ የልጆች መጽሔቶች መጋቢት 1959 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመሩ በኋላ፣ ዋናው ሠዓሊ ሰዎቹን ሲሥል ረዳቶች ከበስተ ጀርባ ያለውንና ጥቁሩን የሚሞሉበት አሠራር ተስፋፋ። መምህርና ደቀ መዝሙር የተካፈሉት ያ የጥንት ሥራ በሌላ አገር በሰዓት ተለክቶ ተመለሰ ለማለት ይቻላል።

ኅትመት የራሱ ሕግ አለው። ለክሊሼ የሚሰጥ ሥዕል ከሚታተመው አልፎ በትልቁ ይሣላል፤ ከዚያም በካሜራ አንሶ በዚንክ ላይ በአሲድ ይቀረጻል። ቁመቱና ወርዱ በግማሽ ሲቀነስ ስፋቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የአንድ ሚሊሜትር መስመርም ግማሽ ሚሊሜትር ይሆናል። ለአማርኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰባቱን የፊደል ቤቶች የሚለያዩት ትናንሽ ቅጥያዎች ናቸውና፣ «ሱ» እና «ሲ» በማነስ ብዛት ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ የአማርኛ ተከታታይ ሥዕል ሠሪ በመጀመሪያ ለጽሑፉ ቦታ ይለካል፤ ከዚያ ሰዎቹን ያቆማል።

አዲስ አበባ መሣሪያው አልጎደላትም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በስሙ የተጠራው ሳምንታዊ ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. ወጣ። ከነጻነት በኋላ አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ተከተለ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከፒያሳ የሥዕል ሱቆች እስከ አራት ኪሎው ማተሚያ ቤት ያለው መንገድ የአጭር ጊዜ የእግር ጉዞ ነው። ነገር ግን የአርባ አራቱ ክፍሎች ጥበብ ያን መንገድ ተሻግሮ የጋዜጣ ቋሚ ገጽ አልሆነም። ሸራው የቱሪስት ዕቃ ሆኖ ቀረ። ሥዕሉ እየተገለበጠ ሲሸጥ የብዙዎቹ ሠዓሊዎች ስም ከሥራቸው ጋር አልተሸጋገረም። በ2011 ዓ.ም. ብሥራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተሰኘውን በአዲስ አበባ ያደረገ የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ፣ ሥራው እንደ አዲስ ጅምር የታየው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የጎደለው እጅ አልነበረም፤ ታሪክም አልነበረም። ለሠዓሊው በየሳምንቱ ገጽ የሚሰጥ አዘጋጅ፣ በየሳምንቱ የሚከፈል ደመወዝና ቀጣዩን ክፍል የሚጠብቅ አንባቢ ሳይገናኙ በመቅረታቸው ነው። ጥበብ በችሎታ ይወለዳል፤ ሙያ የሚሆነው ግን የማስረከቢያ ቀንና የዋጋ ውል ሲኖረው ነው። አርባ አራቱ ክፍሎች በየሳምንቱ ዐሥራ አንድ እየሆኑ ቢወጡ የአራት ሳምንት ሥራ ብቻ ነበሩ። አምስተኛውን ሳምንት አዲስ ታሪክ ይጠይቅ ነበር፤ የሠዓሊውም ስም ከሥሩ ይጻፍ ነበር።