ደራርቱ ቱሉ

ደራርቱ ቱሉ (የተወለደችው መጋቢት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.) በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ናት። ትውልዷ አርሲ፣ በቆጂ ሲሆን ከአሥር ልጆች ሰባተኛዋ ናት፤ ልጅነቷንም ያሳለፈችው ከብት እየጠበቀች ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴቶች በኦሊምፒክ አትሌቲክስ እንዲወዳደሩ የተፈቀደላቸው በ1928 አምስተርዳም ላይ ነው። ሩጫው ግን ለሴት ይከብዳል ተባለና 800 ሜትር እስከ 1960 ድረስ ከውድድሩ ወጣ። የሴቶች 10,000 ሜትር የተጨመረው ገና በ1988 ሴኡል ላይ ሲሆን ኢትዮጵያ ደግሞ በዚያ ኦሊምፒክ አልተሳተፈችም። ከአበበ ቢቂላ የሮም ድል እስከ ደራርቱ ወርቅ 32 ዓመት ለምን እንደፈጀ የሚጠይቅ ሁሉ ይህን ሊዘነጋው አይገባም።

ደራርቱ በ1990 ፕሎቭዲቭ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች። ለኦሊምፒክ ባርሴሎና ስትደርስ ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በተካሄደው የፍጻሜ ውድድር ብሪታንያዊቷ ሊዝ ማክኮልጋን ብዙ ዙር መራች። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ድንገት አፈትልካ ስትወጣ የተከተለቻት ደራርቱ ብቻ ነበረች። ማየር እንድትመራላት በእጇ ብትጠቁማትም ደራርቱ አልተቀበለችም፤ ከኋላዋ እንደ ጥላ ተጣብቃ ቆየች። በመጨረሻው ዙር ግን ጥላት ሄደች፤ በ31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድም ከአምስት ሰከንድ በላይ ቀድማት ገባች። ከዚያ ማየርን ጠብቃ ተቃቀፉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሳቢያ ከ1964 ጀምሮ ከኦሊምፒክ ታግዳ ቆይታ መመለሷ ነበርና፣ ያንን ምሽት ያዩ ሰዎች ከሩጫው ይልቅ ይህን ዙር አብልጠው ቢያስታውሱ አይገርምም።

በአገር አቋራጭ የዓለም ሻምፒዮናን ሦስት ጊዜ አሸንፋለች፤ በ1995፣ በ1997 እና በ2000። በ1995 አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ተጉላልታ ደርሃም የደረሰችው ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው፤ እንደዚያም ሆኖ አሸነፈች።

በ1998 ልጅ ወልዳ፣ ጉዳትንም ተቋቁማ በ2000 ወደ ሲድኒ አቀናች። የመጨረሻውን 400 ሜትር በ60 ሰከንድ ገደማ ሮጣ በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረች፤ የብር ሜዳሊያውንም ጌጤ ዋሚ ወሰደች። በ10,000 ሜትር ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በቀጣዩ ዓመት የለንደን ማራቶንን አሸነፈች፤ በኤድመንተኑ የዓለም ሻምፒዮናም ከብርሃኔ አደሬና ከጌጤ ጋር ሦስቱም ሜዳሊያዎች ለኢትዮጵያ እንዲሆኑ አደረገች። በ2004 አቴንስ ላይ ነሐስ አገኘች።

በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ስታሸንፍ፣ በሩጫው መሐል ተጎድታ ወደ ኋላ የቀረችውን ፓውላ ራድክሊፍን «ነይ፣ ነይ» እያለች ስታበረታታት ታይታለች። በ2018 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን አመራር ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተረክባ እስከ 2024 መጨረሻ መራች። ከእርሷ ቀጥሎ የተመረጠው ስለሺ ስህን ነው።