የሞት ምዝገባና የምስክር ወረቀት አወጣጥ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አካባቢዎች ሰው ሲሞት ዜናው ከአንድ ቀን ባልበለጠ ጊዜ አገር ያዳርሳል። ጥሩምባ ይነፋል፤ ፍትሐት ይደረሳል፤ ለቀስተኛው ከተራራው ማዶ ሳይቀር ይመጣል። አገር ምድሩ ያወቀው ይህ ሞት በቀበሌው የክብር መዝገብ ካልሰፈረ ግን፣ ባለቤቲቱና ልጆቹ ከዓመታት በኋላ በፍርድ ቤት ወይም በመሬት ጽሕፈት ቤት ሲጠየቁ የሚያቀርቡት ሰነድ ያጣሉ።

በኢትዮጵያ የሞት ምዝገባ በሕግ የታሰበው ዘግይቶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲሰፍሩ ዝርዝር ድንጋጌዎችን ይዟል። ይሁንና ሕጉ ራሱ በቁጥር 3361 የእነዚህን ድንጋጌዎች ተፈጻሚነት በነጋሪት ጋዜጣ ቀኑ እስኪገለጽ ድረስ አቆይቶታል። ቆይታውም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1049 ተሻሽሏል። ከዚያ በፊት በየቀበሌው ይሰጡ የነበሩት ደብዳቤዎች በየቦታው የተለያየ መልክ የነበራቸው ሲሆን፣ በአንድ ወጥ መዝገብ ላይ የተመሠረቱ አልነበሩም።

በአሁኑ አሠራር ሞትን የሚመዘግበው በቀበሌ ደረጃ የተመደበው የክብር መዝገብ ሹም ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሥራውን ይከታተላል፤ ከየቀበሌው የሚላኩትን የመዝገብ ቅጂዎች ተረክቦ ወደ በላይ አካላት ያስተላልፋል። በመሆኑም ባለጉዳይ በቀጥታ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ከመጓዙ በፊት መነሻው ቀበሌው መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል። በተለይ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ቁልቁል በሚወርዱት የስማዳ ቀበሌዎች ለሚኖር ሰው አንድ የከንቱ ጉዞ የሚያስከትለው ድካም ቀላል አይደለም።

ምዝገባው በመርኅ ደረጃ የሚከናወነው ሟቹ በመደበኛነት ይኖርበት በነበረው ቀበሌ ነው። በዚህ ረገድ የወረዳዎች መከፋፈል ግር ሊያሰኝ ይችላል። የቀድሞው ስማዳ ለሁለት ተከፍሎ ሰዴ ሙጃ ራሱን የቻለ ወረዳ ሆኗል፤ እስቴም እንዲሁ ተከፍሏል። የሟቹ አሮጌ መታወቂያ ወይም የመሬት ደብተር የቀድሞውን ወረዳ ስም ይዞ ሊገኝ ስለሚችል፣ ቀበሌው ዛሬ በየትኛው ወረዳ ሥር እንደሚገኝ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይበጃል።

ሞትን የማስመዝገብ ግዴታ በቅድሚያ የተጣለው ከሟቹ ጋር አብሮ ይኖር በነበረ ሰው ላይ ነው። እርሱ ከሌለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዶች፣ እነርሱም ከሌሉ ጎረቤቶች ኃላፊነቱን ይወስዳሉ። ጊዜው ሠላሳ ቀን ነው። በአካባቢው የሐዘን ሥርዓት ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳና አርባ እየተባለ የሚቆጠር በመሆኑ የሕጉን ቀን ለማስታወስ አያስቸግርም፤ የሟቹ ሠላሳ ሲደርስ የምዝገባውም ቀን ያበቃል። ችግሩ አብዛኛው ቤተሰብ ጉዳዩን ከአርባው ተዝካር በኋላ ለማየት የሚያቆየው መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ቀነ ገደቡ ካለፈ አሥር ቀን ሆኖታል።

ቀኑ ያለፈበት ሞት ጨርሶ አይመዘገብም ማለት ግን አይደለም። ምዝገባው ወቅታዊ፣ የዘገየና ነባር እየተባለ ይለያል። ነባር የሚባለው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ምዝገባው ከመጀመሩ አስቀድሞ የደረሰው ነው። ጊዜው በራቀ መጠን የሚጠየቀው ማስረጃና ምስክር እየበዛ፣ የሚያስታውሰውም ሰው እያነሰ ይሄዳል።

አስመዝጋቢው የራሱንና የሟቹን መታወቂያ ይዞ ይቀርባል። ሞቱ በጤና ተቋም ከደረሰ ተቋሙ የሚሰጠው የሞት ማሳወቂያ ዋነኛው ማስረጃ ነው። አስከሬን ከደብረ ታቦር ወይም ከነፋስ መውጫ ሆስፒታል ሲወጣ በሐዘን መሐል ይህን ወረቀት የሚያስታውስ ሰው ስለማይገኝ፣ ከአስታማሚዎቹ አንዱ ቢይዘው መልካም ነው። ቤት ውስጥ ለሚደርስ ሞት የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንዲያውቅ ማድረግና ሞቱን የሚያውቁ ምስክሮችን ማቅረብ ይጠቅማል። በድንገተኛ አደጋ ወይም በሰው እጅ ለደረሰ ሞት የፖሊስና የሐኪም ማስረጃ አስፈላጊ ይሆናል።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የስም ጉዳይ ነው። ካህናት ፍትሐት የሚያደርሱት በክርስትና ስም ነው፤ ጎረቤት የሚያውቀው ሌላ ስም ነው፤ ሴት ደግሞ በትዳር ቤት የወጣላት ስም ሊኖራት ይችላል። አንዲት እናት በአንዱ ስም ተቀብራ፣ በሌላው መሬት ይዛ፣ በሦስተኛው በሴፍቲኔት መዝገብ ሰፍራ ልትገኝ ትችላለች። በሞት መዝገብ ላይ መስፈር ያለበት በመታወቂያዋና በመሬት ይዞታ ደብተሯ ላይ ያለው ስም እስከ አያት ነው። ሹሙ ሲጽፍ አስመዝጋቢው ከመፈረሙ በፊት እንዲነበብለት መጠየቅ ይችላል። ከተፈረመ በኋላ ስሕተትን ማረም ራሱን የቻለ ማስረጃ ይፈልጋል፤ እንደ ሁኔታውም እስከ ፍርድ ቤት ሊያደርስ ይችላል።

ምዝገባውና የምስክር ወረቀቱ አንድ አለመሆናቸውም መታወቅ አለበት። መዝገቡ በቀበሌው የሚቀር ሲሆን፣ የምስክር ወረቀቱ ከመዝገቡ ላይ ተወስዶ ለጠያቂው የሚሰጥ ነው። ለምስክር ወረቀቱ የተወሰነው ክፍያ ሲፈጸም ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።

የእነዚህ ወረዳዎች ልዩ ችግር ሞት ከቤት ርቆ የሚደርስ መሆኑ ነው። በየዓመቱ በአረምና በአጨዳ ወራት ብዙ ወጣቶች ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች ይወርዳሉ። ቆላው የወባና የካላዛር አገር ነው። በዚያ የሞተ ሠራተኛ እዚያው ከተቀበረ ለቤተሰቡ የሚደርሰው መርዶ ብቻ ሊሆን ይችላል። አብረውት የወረዱ የአገሩ ልጆች ከታከመበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሞት ማሳወቂያውን ይዘው ቢመለሱ፣ ቤተሰቡ በመኖሪያ ቀበሌው ያስመዘግባል። ሬሳው ያልተገኘ፣ መኖር አለመኖሩም ያልታወቀ ሰው ከሆነ ግን ቀበሌው ሞቱን በግምት ሊመዘግብ አይችልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ እንዲታወጅ ፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰበት ወቅትም ሆነ ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ሳቢያ የቀበሌ አገልግሎት በተስተጓጎለባቸው ጊዜያት፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ያልቻሉ ቤተሰቦች አሉ። ለእነርሱ የዘገየ ምዝገባ መንገድ ክፍት ነው። እስከዚያው ድረስ የጤና ተቋሙን ወረቀት መጠበቅ፣ የሞቱንና የቀብሩን ቀንና ቦታ፣ በቦታው የነበሩትንም ሰዎች ስም በጽሑፍ ማስቀመጥ ያግዛል።

በጋይንትና በስማዳ ገበሬ ዘንድ ይህ ሁሉ ወዲያው የሚታየው በመሬት ላይ ነው። በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስትን ስም በጋራ ይይዛል። ባል ሲሞት የሚስት ድርሻ የራሷ ሆኖ ይቆያል፤ የእርሱ ድርሻ ወደ ወራሾች የሚተላለፈው ግን ሞቱና ወራሽነቱ ሲረጋገጥ ነው። ከዚህ በፊት ወንድም ወይም የቅርብ ዘመድ መሬቱን «ላርስላችሁ» ብሎ ቢገባ፣ ክርክሩ የሚከብደው ደብተሩ ባልተዛወረላት ሴት ላይ ነው። በቁጥር 996 መሠረት የወራሽነት የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ፍርድ ቤት ሲሆን፣ አመልካቹ ሞቱን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ያለ መብት የውርስ ንብረት በያዘ ሰው ላይ የሚቀርብ የወራሽነት ክስም በቁጥር 1000 መሠረት ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

የመምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የሌሎች መንግሥት ሠራተኞች ቤተሰቦች የተተኪ ጡረታ ለመጠየቅ፣ በባንክ የቀረ ገንዘብ ለማውጣትና ዳግም ጋብቻ ለመፈጸም ሲቀርቡም የሚጠየቁት ይህንኑ ሰነድ ነው። በውጭ አገር የሞተ ኢትዮጵያዊ በአቅራቢያው ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይመዘገባል። ከአገር ውስጥ የወጣውን የምስክር ወረቀት በውጭ አገር ለመጠቀም ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ስለሚያስፈልገው፣ ለዚህ ጉዳይ ዋናውን ሰነድ እንጂ ፎቶ ኮፒውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ መሄድ አይጠቅምም።