ቀፎና እንግዳው፦ ለንብ መንጋ ማደሪያ የመምረጥ ታሪክ በአገራችን

ክረምቱ አልፎ አበባው ፍሬ ከሰጠ በኋላ፣ በኅዳር ወር በመቀሌ ከተማ በቀዳማይ ወያነ ገበያ የተዘዋወረ ሰው የትግራይን ነጭ ማር ሳያይ አይመለስም። ያን ንጣት ከሚሰጡት ዕፀዋት መካከል በአማርኛ መንጠሴ፣ በትግርኛ ጠበብ የሚባለው ቁጥቋጦ ዋነኛው እንደሆነ ሻጩም ገዢውም ያውቃል። ስለ አበባው ይነገራል፤ ስለ ዋጋውም ይከራከሩበታል። ንቡ ስለ ኖረበት ቤት ግን የሚጠይቅ ገዢ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ማሩ ገበያ ከመድረሱ በፊት አንድ ሰው ባዶ ቀፎ ሠርቶ፣ ሥፍራ መርጦ፣ እንግዳው ይመጣ እንደሆነ በተስፋ ጠብቋል፤ አለዚያም መንጋውን ከሌላ ሰው ገዝቶ አምጥቷል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ባዶ ቀፎ ነው።

ጉዳዩን ከሌላው የእንስሳት እርባታ ሥራችን የሚለየው አንድ ነገር አለ። በሬ በቀንበር፣ በግ በበረት፣ ዶሮ በቆጥ ይያዛል። ንብ ግን የሚታሰርበት ገመድ የለውም። ቤቱን ከወደደ ይገባል፤ ካልወደደ ያልፋል፤ ገብቶም ቢሆን ሙቀት፣ ረኃብ ወይም ጠላት ሲበረታበት አውራውን ይዞ ይኮበልላል። ስለዚህ የንብ ማነብ ታሪክ በአብዛኛው ቤት የመምረጥ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከቤት ግድግዳ እስከ ዛፍ ጫፍ

በአገራችን ንብ ከሰው ጋር ያለው ዝምድና ከእርሻ ሥራ አልፎ ከእምነትና ከመንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት፣ እናቱም ይህን የንግሥና ምልክት አድርጋ እንዳየችው በትውፊት ይነገራል። ማር ለጠጅ፣ ሰም ለጧፍ ያስፈልግ ስለነበረ ቤተ መንግሥቱም ቤተ ክርስቲያኑም የንቡ ባለ ጉዳዮች ነበሩ፤ ማርም በግብርነት ይከፈል ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ቀፎ የጻፈው ለዛሬ ባለሙያ ጭምር የሚጠቅም ነው። በእርሱ አገር ቀፎ በውጭ ሲቀመጥ፣ እዚህ ግን ቀፎው ገበሬው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ እንደሚቀመጥና ንቦቹ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ እንደሚወጡ በመገረም ይተርካል። ከዚህም ሌላ ሰዎች ቀፎዎችን በተራራ ከዛፎች አጠገብ እንደሚያኖሩና ንብ ሲሞላባቸው ወደ ቤት እንደሚያመጧቸው ይናገራል። ከዚህ የምንረዳው ከ500 ዓመት በፊት የአገራችን ገበሬ ሁለት ዓይነት ሥፍራዎችን ለይቶ ያውቅ እንደነበረ ነው፤ አንደኛው መንጋ የሚጠመድበት፣ ሁለተኛው መንጋ የሚኖርበት ሥፍራ ነው። መንጋው የሚያርፈው ስካውቶቹ በሚመላለሱበት በዛፉ አጠገብ ነው፤ የሚጠበቀውና የሚታለበው ግን ባለቤቱ ዘወትር በሚያየው ሥፍራ ነው።

የቀፎው ሥሪትም እንደ አገሩ ጠባይ ይለያያል። እንጨት በተትረፈረፈባቸው በደቡብ ምዕራብ ደኖች፣ በካፋና በሸካ፣ ግንድ ተፈልፍሎ ወይም በሐረግ ተሸርቦ የተሠራ ቀፎ ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። እንጨት ባነሰበት በሰሜኑ ደጋና ወይና ደጋ፣ በትግራይም ጭምር፣ ከጭቃ፣ ከእበትና ከጭድ የሚሠራው ረዘም ያለ ድብልብል ቀፎ በቤት ግድግዳ፣ በአጥር ግቢ ወይም ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ይቀመጣል። ጭቃውና እበቱ የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ቁር ያበርዳሉ። ቀፎውም ለመንጋ ሲዘጋጅ በወይራና በሌሎች መልካም ሽታ ባላቸው ዕፀዋት ይታጠናል፤ ውስጡም ሰም ይቀባል። ይህን ድርጊት እንደ ተራ ልማድ ቆጥረን ስናልፈው ኖረናል። ምክንያቱን ግን ወደ ኋላ እንደምናየው የሳይንስ ሰዎችም ደርሰውበታል።

የቅሉ ወፍ

ለሚበር እንግዳ ቤት ሠርቶ መጠበቅ የእኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ፐርፕል ማርቲን የሚባል፣ ወንዱ ወይን ጠጅ የሚያንጸባርቅ፣ ከጨረባ ወገን የሆነ ወፍ አለ። አውሮፓውያን አገሩን ከመስፈራቸው በፊት ቾክታውና ቺካሳው የተባሉት ነባር ሕዝቦች ከመንደራቸው መካከል ባዶ ቅል በእንጨት ላይ እየሰቀሉ ይህን ወፍ ያስጠጉ ነበር። ሠፋሪዎቹም ልማዱን ወርሰው ብዙ ክፍል ያላቸው የሳንቃ ቤቶች ሠሩለት። ከዚህ የተነሣ ዛሬ በአህጉሩ ምሥራቅ የሚገኘው ማርቲን ከሞላ ጎደል የሚፈለፈለው ሰው በሠራለት ቤት ብቻ ነው። ክረምቱን በደቡብ አሜሪካ አሳልፎ ሲመለስ የሚፈልገው ቤት ከዛፍ የራቀ፣ በገላጣ ሥፍራ የቆመ፣ ነገር ግን ለሰው መኖሪያ የቀረበ ነው። ሰው ባለበት ጠላቱ ስለሚያንስ ይመስላል።

ከዚህ ወፍ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅሙ ሁለት ትምህርቶች አሉ። አንደኛ፣ ያረጁት ወፎች ወደ ቀድሞ ቤታቸው ስለሚመለሱ፣ አዲስ ሥፍራን የሚሞክሩት በአብዛኛው የአንድ ዓመት ወጣቶች ናቸው። አዲስ ቤት የሠራ ሰውም ለማን እንደ ሠራ ማወቅ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ተመልካች ካጣ፣ ከአውሮፓ የገቡት ድንቢጥና ስታርሊንግ የተባለው ወፍ ቀድመው ይይዙታል። ባዶ ቤት ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ የእኛንም ባዶ ቀፎ ጉንዳንና የሰም እሳት ራት ሲወርሱት እናያለን።

ስካውቶቹ የሚመርጡት

መንጋ ቤቱን እንዴት እንደሚመርጥ በምርምር ያሳየው ጀርመናዊው ማርቲን ሊንዳወር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ፍርስራሽ በሞላባት በሙኒክ ከተማ፣ ከመንጋ ላይ የሚጨፍሩትን ንቦች ሲመለከት አንዳንዶቹ ጥላሸት፣ አንዳንዶቹ የሸክላ አቧራ ለብሰው አገኛቸው። አበባ የቀሰመ ንብ እንዲህ አይቆሽሽም። እነዚህ በጭስ መውጫና በፈረሰ ግድግዳ ውስጥ ቤት ሲፈልጉ የዋሉ ስካውቶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ያገኙትን ቤት በጭፈራ ያስታውቃሉ፤ የተሻለውን ያገኘው አብዝቶ ይጨፍራል፤ በመጨረሻ መንጋው በአንዱ ቤት ተስማምቶ ይነሣል። ሊንዳወር ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1955 አሳተመ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ አሜሪካውያኑ ቶማስ ሲሊና ሮጀር ሞርስ ልዩ ልዩ ሣጥኖችን ሰቅለው መንጋዎች የትኛውን እንደሚመርጡ መዘኑ። መንጋዎቹ ከ10 ሊትርም ከ100 ሊትርም ይልቅ 40 ሊትር የሚይዘውን፣ ሰፊ በር ካለው ይልቅ ጠባብ በር ያለውን፣ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ካለው ይልቅ 5 ሜትር ከፍ ያለውን መረጡ። ቀድሞ ንብ የኖረበትና የማር እንጀራ የቀረበት ቤትም ስካውትን ይስባል።

እነዚያ ንቦች የአውሮፓ ዘር፣ አገሩም ብርዳም መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የእኛ ንብ በአካሉ አነስ ያለ፣ ለመኮብለልም የፈጠነ ነው። ሆኖም አንድ ቀላል ስሌት እናድርግ። 1 ሜትር ርዝመትና 22 ሳንቲ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ድብልብል ቀፎ 38 ሊትር ያህል ይይዛል። ያልተማረ የምንለው ገበሬ መለኪያ ሳይኖረው የደረሰበት መጠን ከምርምሩ ውጤት ብዙ አይርቅም። ሰም መቀባቱም የማር እንጀራውን ሽታ ለስካውቱ ማሳወቅ ነው።

የሣጥኑ ቀፎ ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1851 አሜሪካዊው ቄስ ላንግስትሮዝ ንብ በሰም የማይዘጋውን ጠባብ ክፍተት አስተዋለና ፍሬም ያለውን ተነቃናቂ ቀፎ ሠራ፤ በ1852ም የባለቤትነት መብት አገኘበት። ይህ ቀፎና የጀርመኑ የዛንደር ቀፎ በዓለም ተሰራጩ። በአገራችን የሆለታ የንብ ሥራ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ከተቋቋመ ጀምሮ የሣጥን ቀፎ ለገበሬው ቀረበ። በ1970ዎቹ በኬንያና በካናዳ ትብብር የተቀረጸው፣ ከላዩ አግዳሚ ጣውላዎች የሚደረደሩበት የሽግግር ቀፎም ተከተለ።

የሣጥኑ ጥቅም የሚካድ አይደለም። ከባህላዊ ቀፎ በአማካይ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ማር ሲገኝ፣ በሚገባ ከተያዘ የሣጥን ቀፎ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይገኛል። ይሁን እንጂ ሣጥኑ የተሠራው ለማር ቆራጩ ምቾት ነው፤ ስካውቱ ይወደው እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም። ሣጥኑ የተሠራ የሰም ንጣፍ፣ የማር ማጣሪያ መሣሪያና ሥልጠና ይፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀድሞ የተገኘ ኅብረ ንብ ይፈልጋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከስሕተቱ ነጻ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት በተካፈልኩበት አንድ ሥራ አዳዲስ የሣጥን ቀፎዎችን ጥላ በሌለው ገላጣ ላይ በረድፍ አቁመን፣ ቁጥራቸውን በሪፖርት ጽፈን ተመለስን። በዓመቱ ስንሄድ አብዛኛዎቹ ባዶ ነበሩ፤ የቀለማቸው ሽታ ገና አልጠፋም ነበር፤ አንደኛው የዶሮ ቤት ሆኗል። ከዚያ ጥቂት ርምጃ ርቆ በአንድ አዛውንት ቤት ግድግዳ ውስጥ ያለው የጭቃ ቀፎ ግን ንብ ሞልቶት ያጉረመርም ነበር። አዛውንቱን በምን ተለየ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እናንተ ቤት ሠራችሁ፤ እኔ እንግዳ ጠራሁ» አሉኝ። እኛ ቀፎ ቆጠርን እንጂ ኅብረ ንብ አልቆጠርንም ነበር።

ዛሬ ያለው ጥያቄ

ይህ ጥያቄ በትግራይ ዛሬ ከመቼውም ይልቅ ከብዷል። ደኑ እየሳሳ ሲሄድ በዛፍ ላይ መንጋ ማጥመድ ስለ ቀነሰ፣ መንጋ እንደ ማንኛውም እንስሳ በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ ሆኖ ቆይቷል። በሌላ በኩል ተራቁተው የነበሩ ተራሮች ከግጦሽ ተከልለው አበባቸው ሲመለስ፣ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ለንብ ሥራ ይሰጡ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን ያገኘችው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ለዚህ ምስክር ናት። ከዚያም በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ደረሰ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ቀፎዎች ተቃጥለዋል፣ ተዘርፈዋል፣ ተመልካች አጥተውም ባዶ ቀርተዋል።

ቀፎ በገንዘብ ይተካል፤ በአንድ ወር ውስጥ አናጢ ብዙ ሣጥን ሊሠራ ይችላል። መንጋ ግን በትእዛዝ አይመጣም። ከሌላ ወረዳ በጅምላ ገዝቶ ማምጣትም የሻጩን አገር ከማራቆቱ በላይ፣ ለአየሩ እንግዳ የሆነ ንብ ስለሚያመጣ መኮብለልን ያስከትላል። ስለሆነም በአዲስ ሥፍራ የሚጀምር ሰው ከቀደመው ልምድና ከኋለኛው ምርምር የሚወስደው መንገድ የሚከተለው ይመስለኛል።

በመጀመሪያ አበባውንና ውኃውን ይመልከት፤ ቀሰም በሌለበት የተዋበ ቤት ከንቱ ነው። ቀጥሎም ማጥመጃውንና መኖሪያውን ይለይ፤ ለማጥመድ ቀለል ያለ የጭቃ ወይም የሽምብቆ ቀፎ ታጥኖና ሰም ተቀብቶ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከፍ ባለና ጥላ ባለበት ሥፍራ ይቀመጥ። መንጋው ሲገባና ሲጸና ብቻ ወደ ሣጥን ይዛወር። ሣጥኑም በአንድ ፎቅ ይጀምር፤ ሁለተኛውን ፎቅ ቀድሞ መደረብ ለጥቂት ሰዎች ባዶ አዳራሽ እንደ መስጠት ነው። በሩ ይጥበብ፤ የመቆሚያው እግር ዙሪያ አመድ ይነስነስ፤ ባለቤቱም ዘወትር ይጎብኘው። በመጨረሻ ሪፖርታችን የተከፋፈለውን ቀፎ ሳይሆን ከዓመት በኋላ በውስጡ ንብ የተገኘበትን ቀፎ ይቁጠር።

የማኅበራችን አባላት ሆይ፣ በየወረዳው በቀፎ እደላ ሥራ ላይ የተሰማራችሁ ብዙ ናችሁ። የቀፎውን ዓይነት የሚወስነው ባለሙያው ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ለጋሹ ነው፤ ቤቱን የሚቀበለው ወይም የሚተወው ግን ንቡ ነው። ቤት ንብረቱን አጥቶ በአምስት ቀፎ ኑሮውን ሊጀምር ለተነሣ ወጣት ባዶ ሣጥን መስጠት ተስፋ ሰጥቶ መንሣት ነው። ሣጥኑን ከመስጠታችን በፊት ከአጠገቡ በሚገኘው የጭቃ ቀፎ ደጃፍ ጥቂት ቆመን፣ ባለቤቱንም ጠይቀን ብንማር፣ በመጪዎቹ ዓመታት በቀዳማይ ወያነ ገበያ የሚቀርበው ነጭ ማር የእኛም ድካም ያለበት ይሆናል።