የአያቴ ውጅግራ ስንት ባሩድ ይችላል?

አያቴ ያረፉት ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ተዝካራቸው ሲቃረብ ከወልድያ በሚኒባስ ሄድኩ። አጎቴን ደጃፉ ላይ አገኘሁት፦ ጭኑ ላይ የአያቴ ውጅግራ፣ እግሩ ሥር አምስት ባዶ ቀለህ።

«አንተ ኢንተርኔት ላይ አይደል የምትውለው?» አለኝ። «ፈረንጆቹ ቀለህ መልሰው ይሞላሉ አሉ። የክላሽ ጥይት ፈትተን ባሩዱን እዚህ ብንገለብጠውስ? ለአባባ ሳይተኮስማ ተዝካሩ አያልፍም።»

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ባሩድ ባሩድ ነው፣ ቀለህም ቀለህ ነው። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንደዚያ ነበር። ያን ሌሊት በስልኬ ሳነብ ያደርኩት ግን ሌላ ነገር ነገረኝ።

ከስሙ እንጀምር። ውጅግራ ማለት በፈረንሳይኛ «ፉዚ ግራ»፣ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ባዚል ግራ የሚባል መኮንን የሠራው ሲሆን የፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. ተቀበለው። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ እርሳሱ 25 ግራም፣ ባሩዱ ደግሞ 5 ግራም ከሩብ ያህል ነው። የኛ ሰው «ፉዚ»ን በአፉ አዙሮ አዙሮ ውጅግራ አደረገው። የእንግሊዙ ስናይደርም እንዲሁ ሰናድር ሆኖ ቀርቷል።

ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለቤል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ግራ ለገበያ ተረፈ። ነጋዴው በጅቡቲና በታጁራ በኩል ወደ እኛ አመጣው። ከመርሳ ወደ ደሴ ስትሄዱ ውርጌሳን አልፋችሁ ውጫሌን ታገኛላችሁ። በ1881 ዓ.ም. እዚያ ከተፈረመው ውል ሁላችንም የምናውቀው አንቀጽ 17ን ነው። ግን በዚያው ውል ውስጥ ምኒልክ በምፅዋ በኩል መሣሪያና ጥይት እንዲያስገቡ የሚፈቅድ አንቀጽም ነበረ። ውሉ ፈርሶ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሲዋጉ፣ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ውጅግራም ሬሚንግተንም ሌላም ነበረ። ችግሩ እያንዳንዱ የራሱን ጥይት ይፈልጋል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

ስለዚህ ጥይት ውድ ነበር። እንዲያውም ገንዘብ ነበር! ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ይሰጥ፣ ይቀበሉት ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ባዶ ቀለህ አይጣልም። ተለቅሞ እንደገና ይሞላል።

የሚሞላው ደግሞ አገር በቀል ጥቁር ባሩድ ነበር። ድኙ ከአፋር ቆላ፣ ከሰሉ ከጓሮ፣ ሦስተኛው ጨው መሰል ማዕድን ደግሞ ከአፈር ተፍቆና ተጣርቶ ይመጣል። አሁን ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ቀለሁም እርሳሱ የሚገባበት ሲቀር እስኪሞላ የሚይዘው ልኩን ያህል ነው። ሰውየው በስፍር ቢሳሳት እንኳ ከቀለሁ በላይ መጨመር አይችልም። ባሩዱ ቢደክም ጥይቱ ቅርብ ይወድቃል፣ ያ ነው። የአባቶቻችን ስህተት ጣሪያ ነበረው።

ጣሪያውን ያነሳው ፖል ቪየይ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ለቤልም የተሠራው ለእሱ ነው። የክላሽ ጥይትም የሚይዘው የዚያን ዘር ነው። ይህ ባሩድ በጥቂቱ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። የውጅግራን ሰፊ ቀለህ በእሱ ሞልቶ ቃታ መሳብ ፊት ለፊት ቦምብ እንደ መያዝ ነው። የውጅግራን መዝጊያ የሚቆልፈው በዘንጉ ሥር ያለ አንድ ጉጥ ብቻ ነው። እሱ ከለቀቀ ብረቱ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ዓይን ነው።

ፈረንጆቹ ይሞላሉ፣ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ ባለሙያ ጠመንጃውን ይመረምረዋል። ቀለሁ አዲስ ነው። ባሩዱ ጥቁር ነው፣ እያንዳንዱም በሚዛን ይለካል፤ በባሩዱና በእርሳሱ መካከል ክፍተት አይተዉም፣ ክፍተት አፈሙዝ ያሳብጣልና። የመጀመሪያውን ተኩስ ጠመንጃውን አስረው ከሩቅ በገመድ የሚስቡም አሉ። እኛ ጋ ደግሞ ሕግም አለ፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ጠመንጃውንም ጥይቱንም ያለ ፈቃድ እንድንነካ አይፈቅድም።

ጠዋት ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኩት። አላመነኝም።

«ታዲያ አባባ እንዴት ሞላው?»

«አባባ የሞሉት በጥቁሩ ነዋ። ይሄ ሌላ ነው።»

አንዱን ቀለህ አንስቼ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። አንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። የድሮ ጥይት መለኮሻው ውስጥ ሜርኩሪ ነበረበት፤ ሜርኩሪ ደግሞ ነሐስን ከውስጥ ያደርቀዋል። ጥቁር ባሩድም የሚተወው ጥላሸት እርጥበት እየሳበ ብረት ይበላል። አጎቴ ሌሎቹንም አንድ በአንድ አየ። ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ክላሹን ወደ ቤት መለሰ፣ ምንም አላለኝም።

በተዝካሩ ቀን ውጅግራውን ባዶውን ተሸክሞ ወጣ። ፎከረ፤ የአያቴን ስም ጠራ። ተኩሱ መሰማት ካለበት ቦታ ሲደርስ ጠመንጃውን ወደ ላይ አንስቶ ዝም አለ። ሰውም አብሮት ዝም አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «ነፍስ ይማር» አሉና ድግሱ ቀጠለ።

ማታ ጠላ እየቀዳልኝ ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋልኝ።

«ቁጠራቸው» አለኝ። «አሥሩንም ይዤ አባባን ሸኘሁት።»