ፖስተር፦ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ይህን ፊልም የቀረጸው የዘውዱ ሥርዓት በወደቀበት ሰሞን፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ለዕይታ በቃ። ቋንቋው አማርኛ፣ ታሪኩ የባለርስት ቀንበር የከበደው የጭሰኛ ቤተሰብ።

ለቆቦ ተመልካች ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በራያ ቆላ ማሽላ የሚያመርት ገበሬ በሬዎቹንና ሞፈሩን እዚህ ፊልም ውስጥ ያገኛቸዋል፤ ፊልሙም ለአራሹ ጊዜ አይሰስትም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አብሮት ይውላል። የሀገራችን ሲኒማ ለገበሬ የሰጠው ትልቁ ክብር ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ የፊልም ፖስተር ለአንድ ሰሞን ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ስለሚታተም ቶሎ ይጠፋል፤ ብርሃን ቀለሙን፣ እጥፋት ወረቀቱን ይበላዋል። ቤትዎ የድሮ የሲኒማ ፖስተር ካለ፣ ሳያጥፉ ከፀሐይ አርቀው ያቆዩት።