ጥበብ ይዞ ወደ ኤውሮፓ መሻገር፤ ከአባ ተስፋ ጽዮን እስከ አምበር ወጣት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ደጀንንና ሉማሜን ካለፈ በኋላ አምበር የምትባለውን ትንሽ ከተማ ያገኛል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያደገው በዚያ ነው። አንድ አብሮ አደጌ በኮምፒዩተር ሙያ ተቀጥሮ ወደ ጀርመን አገር ሲሄድ ሽኝት ተደርጎለት ነበር። በዚያ ቀን አባቱ ወደ ጎን ጠሩኝና «አንተ የታሪክ ተማሪ ነህ። እንዲህ ያለ ነገር ካሁን በፊት ነበር ወይ? የሄደውስ ተመልሷል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። ይህ ጽሑፍ ያን ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው። ዘመናቱ «የኢትዮጵያ» ካልተባለ በቀር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመሠረቱ ዕውቀት ፍለጋ ከቤት መውጣት ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ወደ ዋሸራ፥ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ብዙውን ጊዜም ከእናቱ ተደብቆ ይወጣል። ሆኖም የእርሱ መንገድ መመለሻ አለው። መምህሩ ከመሰከሩለት በኋላ አንድ ደብር ይቀበለዋል፤ እርሱም በተራው ጉባኤ ዘርግቶ ያስተምራል። ባለእጁ ግን ይህን የመሰለ መቀበያ አልነበረውም። ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው ማረሻውንና ልብሱን እየሠሩለት ሕዝቡ ይሰድባቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። ለቃል ዕውቀት ደብር ነበረው፤ ለእጅ ዕውቀት ግን አልነበረውም። የሚቀጥለው ታሪክ በዚህ ዓይን ቢታይ ይገባል እላለሁ።

በ16ኛው መቶ ዓመት የዓለም አዲስ ብልሃት የማተሚያ መኪና ነበር። በዚህ ብልሃት የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ የታተመው በ1513 በሮም ከተማ ሲሆን፥ እርሱም መዝሙረ ዳዊት ነው። አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ቋንቋውን ግን የተማረው በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን፥ በተለይም ከአባ ቶማስ ነበር። ከዚያ በኋላ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በግራኝ ጦርነት ዘመን ሮም ደረሱ። ፈረንጆቹ ጴጥሮስ ይሏቸው ነበር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ በሚገኘው በኢትዮጵያውያን ማረፊያ፥ በቅዱስ እስጢፋኖስ፥ ተቀምጠው በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ።

የሥራው ሁኔታ ቀላል አልነበረም። በእጃቸው የነበረው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ ጎደሎ ስለ ነበረ የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ እየተረጎሙ መሙላት ግድ ሆነባቸው። ፊደል ለቃሚዎቹ ኢጣልያውያን ደግሞ ግዕዝ አያነቡም፤ ግዕዝ የሚያነቡት መነኮሳት የማተም ሥራ አያውቁም። አባ ተስፋ ጽዮን በመጽሐፉ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ሲጠይቁ፥ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ እየተረዳዱ እንደ ሠሩ ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ይህ ነው። በባዕድ አገር ከማያውቀው መሣሪያ ፊት የቆመ ሊቅ፥ የሚያውቀውን እየሰጠ የማያውቀውን ይማራል። አብሮ አደጌም ስለ መጀመሪያ ወሮቹ ያወራኝ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ታዲያ ፍሬውን ማን ሰበሰበው? አባ ተስፋ ጽዮን ያስተማሩት ማሪያኖ ቪቶሪዮ በ1552 የግዕዝ ሰዋስው አሳተመ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላም የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጎታ ተጋብዘው ለኢዮብ ሉዶልፍ የቋንቋ ምንጭ ሆኑ። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፥ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፥ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አወጣ። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ኤውሮፓ በእኒህ ሰዎች ዕውቀት የኢትዮጵያን ጥናት መሠረተች። ወደ እኛ በኩል የማተሚያ መኪና ምጽዋ የደረሰው ግን በ1863 ነው፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም የተቋቋመው በ1914 የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ነው። ጥፋቱን በመነኮሳቱ ላይ ማሳበብ አይገባም። ቢመለሱ ኖሮ ፊደሉን የሚቀርጽላቸው፥ ወረቀቱን የሚያቀርብላቸው ማን ነበር?

የተመለሱትም አሉ። በ1868 ከመቅደላ በእንግሊዝ ጦር የተወሰዱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በሕንድና በስኮትላንድ ሕክምና ተምረው ከዐድዋ ድል በኋላ መጥተው አገራቸውን አገለገሉ። ኢንጂነር አያና ብሩም ምህንድስና ተምረው ተመለሱና አማርኛ በጽሕፈት መኪና እንዲጻፍ ደከሙ። አባ ተስፋ ጽዮንን በሮም ያስቸገረው ያው የፊደል ጣጣ በአገር ቤት ተሠራ ማለት ነው። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ ልጆች፥ ቢንያምና ዮሴፍ፥ በ1929 የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከብዙ የተማሩ ወጣቶች ጋር በፋሺስቶች ተገደሉ። የመመለሱን ዋጋ የሚያሰላ ሰው ይህን መዝለል አይችልም።

ዛሬ ነገሩ መልኩን ለውጧል፤ የምትጠራው ኤውሮፓ ራሷ ናት። ጀርመን የሠለጠነ ሠራተኛ መግቢያ ሕጓን በ2020 አላልታለች። የኤውሮፓ ኅብረትም በ2021 ባወጣው የሰማያዊ ካርድ መመሪያ፥ የኮምፒዩተር ባለሙያ በዲፕሎማ ፋንታ በሥራ ልምዱ እንዲገባ መንገድ ከፍቷል። ሁለተኛው ለውጥ ሥራው በሽቦ የሚላክ መሆኑ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ሮም ካልሄዱ መኪናውን አያገኙትም፤ የዛሬው ባለሙያ ግን ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ለበርሊን ሊሠራ ይችላል። ይህ በመርሕ ደረጃ ነው። በ2015 የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፥ የእኛ አገር የኮምፒዩተር ባለሙያ ብራና ያጣ ጸሐፊ ሆኖ ነበር። አብሮ አደጌ ማመልከቻውን የጻፈው በዚያ ወራት አዲስ አበባ ወርዶ ነው። ደመወዙ ስቦታል፤ አልክድም። ቢሆንም የወጣበትን ምክንያት በደመወዝ ብቻ የሚቈጥሩ ሰዎች ያን ጊዜ የረሱ ይመስለኛል።

በዕረፍቴ ጊዜ አምበር ሄጄ ይህን ሁሉ ለአባቱ አጫወትኋቸው። የመነኩሴውን ነገር በጥሞና ሰሙ። ቀጥለውም «መጽሐፉ ከታተመ እስከ መቼ ነው መኪናው ወደዚህ የመጣው?» አሉኝ።

«ሦስት መቶ ዐሥራ አምስት ዓመት ይሆናል፥ አባባ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉና፥ «እኔ እንኳ ያን ያህል አልቆይም፤ በል እስቲ ስልኩን ደውልልኝ» አሉኝ።